ኮከብ ወይስ ሙሉ ስብስብ? የቤዝቦል ቡድን ለአዲስ የውድድር ዘመን ሲዋቀር ምን ከምን ይመረጣል

ማይክ ትራውት እና ሾሄይ ኦታኒ ከ2018 እስከ 2023 በአንድ ቡድን ተጫውተዋል። ቡድኑ ሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ነው። ትራውት በዚያ ማሊያ ሦስት ጊዜ፣ ኦታኒ ደግሞ ሁለት ጊዜ የሊጋቸው ኮከብ ተጨዋች ሆነው ተመርጠዋል። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ግን ኤንጅልስ አንድም ጊዜ ለጥሎ ማለፉ አልደረሰም።

እግር ኳስ ለለመደ ሰው ይህን ማመን ይከብዳል። በእግር ኳስ ትልቅ ተጨዋች በፈለገው ሰዓት ኳስ ተቀብሎ ጨዋታ ይገለብጣል። ቤዝቦል ላይ ተራ አለ። ዘጠኝ መቺዎች በቅደም ተከተል ነው የሚገቡት። የዓለም አንደኛ የሆነውም መቺ በአንድ ጨዋታ አራት ወይም አምስት ጊዜ ብቻ ዱላ ይዞ ይቆማል። ኳስ ወርዋሪው፣ ማለትም ፒቸሩ፣ ጨዋታውን ከማንም በላይ በእጁ ይይዛል። እሱም ቢሆን አንድ ጨዋታ ከጀመረ በኋላ አራት አምስት ቀን ያርፋል።

ስለዚህ ቡድን ሲዋቀር «ማን ይበልጣል?» ብሎ መጀመር ያሳስታል። ጥያቄው 162 ጨዋታ በማን ይሞላል የሚል ነው። የሜጀር ሊጉ፣ ማለትም የዋናው የቤዝቦል ሊግ፣ 30 ቡድኖች ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ እያንዳንዳቸው 162 ጨዋታ ያደርጋሉ። ዕረፍት የሚባል ነገር እምብዛም የለም።

በዋሽንግተንና አካባቢው እንደሚኖሩ ብዙ ሐበሾች እኔም ቤዝቦልን የለመድኩት በከተማው ቡድን በናሽናልስ ነው። ምሳሌዎቼ ወደዚያ ቢያጋድሉ በዚህ ምክንያት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ስንት ሰው፣ በምን ሕግ?

ለጨዋታ የሚቀርበው ስብስብ 26 ሰው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ፒቸሮች ከ13 መብለጥ አይችሉም። ሴፕቴምበር ሲገባ ቁጥሩ 28 ይሆናል። ከዚህ ሰፋ ያለ ደግሞ 40 ሰው የሚይዝ መዝገብ አለ። በ26ቱ ውስጥ ለመግባት በ40ው ውስጥ መመዝገብ ግድ ነው። የቀሩት አብዛኞቹ ታች፣ ማይነር ሊግ ላይ እየተጫወቱ ጥሪ ይጠብቃሉ።

ጉዳት ሲመጣ መቺ ቢያንስ 10 ቀን፣ ፒቸር ቢያንስ 15 ቀን ከስብስቡ ይወጣል። ጉዳቱ ከከበደ የ60 ቀን ዝርዝር አለ። እዚያ የገባ ተጨዋች ከ40ውም ላይ ስለሚነሳ ቦታው ለሌላ ሰው ይለቀቃል።

ደጋፊ ሁሉ ስለ 26ቱ ይከራከራል። እኔ ቡድን ስመዝን መጀመሪያ የማየው ከ27ኛው እስከ 40ኛው ያሉትን ነው። ጁን ላይ ሦስት ፒቸር በአንድ ሳምንት ሲጎዳ የሚወረውሩት እነሱ ናቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ የደሞዝ ጣሪያ የለም፣ ግብር ግን አለ። በ2026 የቡድኑ ጠቅላላ የደሞዝ ስሌት ከ244 ሚሊዮን ዶላር ካለፈ በትርፉ ላይ ይከፈላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ላለፈ 20 በመቶ፣ በተከታታይ ሁለተኛ ዓመት ለደገመ 30፣ ከዚያ በኋላ 50 በመቶ ነው። በጣም ርቆ ለሄደ ተጨማሪ ቅጣትም አለ። የአንድ ተጨዋች ዝቅተኛ የዓመት ደሞዝ 780,000 ዶላር ነው። ይህን ሁሉ የሚወስነው የሕብረት ስምምነት ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ቁጥሮቹ እንደገና ድርድር ላይ ናቸው።

አንድ ተጨዋች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ የሚጫወተው በዝቅተኛው ደሞዝ አካባቢ ነው። ቀጣዮቹን ሦስት ዓመታት ደሞዙ በድርድር ወይም በግልግል ዳኞች ይወሰናል። ስድስት ዓመት ሲሞላ ነጻ ይወጣና ወደፈለገው ይሄዳል። የቡድን አወቃቀር ምርጫ ሁሉ ከዚህች ስሌት ጋር የተያያዘ ነው።

ከገበያ፣ በቅያሬ ወይስ ከቤት?

ተጨዋች የሚመጣው በሦስት መንገድ ነው። ከገበያ የሚመጣ ገንዘብ ብቻ ያስወጣል፤ ነገር ግን ስድስት ዓመት አገልግሎ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ወደ 30 ተጠግቷል። በቅያሬ የሚመጣ ወጣቶችን ያስከፍላል። እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ለክለብ የዝውውር ሒሳብ ከፍሎ መውሰድ እዚህ የተለመደ አይደለም። ሰው በሰው ነው የሚቀየረው። ከቤት የሚያድገው ርካሽ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

ባልቲሞር ኦሪዮልስ በ2018 115 ጨዋታ ተሸንፎ ሦስተኛውን መንገድ መረጠ። በ2021ም 110 ተሸነፈ። በ2023 ግን 101 አሸነፈ። መንገዱ ያስኬዳል ማለት ነው፤ ነገር ግን በየዓመቱ መቶ ሽንፈት እያየ ትኬት የሚገዛው ደጋፊ የከፈለውን ዋጋ ማንም አይመልስለትም። በእኔ እምነት አንድ ቡድን እያወቀ ከሁለት ዓመት በላይ መሸነፍ የለበትም። መውረድ የሌለበት ሊግ ስለሆነ ብቻ እንዲህ ማድረግ መቻሉ ጥሩ አያደርገውም።

ትልቅ ፊርማ ወይስ መካከለኛ ብዙ?

ሁዋን ሶቶ ዲሴምበር 2024 ላይ ለኒውዮርክ ሜትስ የፈረመው የ15 ዓመት ውል 765 ሚሊዮን ዶላር ነው። ኦታኒ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ለ10 ዓመት በ700 ሚሊዮን ፈርሟል። የኦታኒ ውል ግን አነጋገሩ ሌላ ነው። ከ700ው 680 ሚሊዮኑ የሚከፈለው ውሉ ካለቀ በኋላ ነው። በዓመት እጁ ላይ የሚገባው 2 ሚሊዮን ብቻ ነው። በግብሩ ስሌትም በዓመት 70 ሳይሆን ወደ 46 ሚሊዮን ገደማ ነው የሚቆጠረው። ዶጀርስ በተረፈው ቦታ ሌላ ሰው አስገባበት። በ2024 እና በ2025 በተከታታይ ዋንጫ ወሰደ።

ስለዚህ ትልቅ ፊርማ በራሱ መጥፎ አይደለም። ሲነጻጸር መታየት ያለባቸው ዕድሜውና በየቀኑ መሰለፍ መቻሉ ናቸው። በ2023 የነበሩ ሁለት ሀብታም ቡድኖችን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

ሜትስ ጀስቲን ቨርላንደር እና ማክስ ሸርዘር የተባሉ ሁለት ታላላቅ ፒቸሮችን ይዞ ገባ። እያንዳንዳቸው በዓመት 43.3 ሚሊዮን ዶላር ነበር ደሞዛቸው። አንዱ 40 ዓመቱ ነበር፣ ሌላው 39ን ሊይዝ ነበር። ቡድኑ 75 አሸንፎ 87 ተሸነፈ። ሁለቱም የቅያሬው መስኮት ሳይዘጋ ተሸኙ።

ቴክሳስ ሬንጀርስ ደግሞ በ2021 102 ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮሪ ሲገርን ለ10 ዓመት በ325 ሚሊዮን፣ ማርከስ ሴሚየንን ለ7 ዓመት በ175 ሚሊዮን አስፈረመ። ሁለቱም የመሃል ሜዳ ተከላካዮችና መቺዎች ናቸው። በየቀኑ ይሰለፋሉ። ሴሚየን በ2023 162ቱንም ጨዋታ ተሰልፏል። በዚያው ዓመት ሬንጀርስ ዋንጫ ሲያነሳ የወርልድ ሲሪሱ፣ ማለትም የዋንጫ ፍጻሜው፣ ኮከብ ሲገር ሆነ።

ገንዘብ የሌለው ቡድንስ? የኦክላንድ አትሌቲክስ የ2002 ታሪክ በጣም የታወቀ ነው። ኮከባቸው ጄሰን ጂያምቢ በ120 ሚሊዮን ዶላር ወደ ያንኪስ ሄደ። ኦክላንዶች በሱ ቦታ ላይ ያስገቡት ስኮት ሃትበርግን ነበር። ካቸር፣ ማለትም ፒቸሩ የሚወረውረውን ኳስ የሚቀበል ተጨዋች የነበረ፣ ክርኑ ላይ ነርቭ ተጎድቶ እንደ ልቡ መወርወር ያቃተው ሰው ነው። የሚችለው ነገር ግን ነበረው፤ መጥፎ ኳስ አይነካም። ታግሶ ቤዝ ላይ፣ ማለትም ነጥብ ለማስቆጠር ከሚዞሩባቸው ጣቢያዎች አንዱ ላይ ይደርሳል። በ40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደሞዝ ኦክላንድ 103 ጨዋታ አሸነፈ። 125 ሚሊዮን ገደማ ያወጣው ያንኪስም 103 ነው ያሸነፈው።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አንድ ነገር ይዘሉታል። ኦክላንድ ውስጥ ሃድሰን፣ ሞልደር እና ዚቶ የሚባሉ ሦስት አሪፍ ፒቸሮች ነበሩ። ሦስቱም ከቤት ያደጉ፣ ደሞዛቸው ገና ያልናረ ነው። ርካሽ መቺ መፈለግ የሠራው ፒቸሩ ቀድሞ ስለተያዘ ነው። በዝቅተኛ በጀት ቡድን የሚያዋቅር ሰው ቅደም ተከተሉን ከዚህ ይውሰድ።

ስትራስበርግ ወይስ ሬንዶን?

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር የምርጫ ታሪክ አላውቅም።

በ2019 ናሽናልስ ዓመቱን በ19 ድልና በ31 ሽንፈት ከጀመረ በኋላ ተነሥቶ ዋንጫ ወሰደ። ሁለት ዋልታዎቹ ነጻ ወጡ። አንዱ ፒቸሩ ስቲፈን ስትራስበርግ ነው፤ የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ። ሌላው ሦስተኛ ቤዝ ላይ የሚጫወተው መቺ አንተኒ ሬንዶን ነው። የቡድኑ ባለቤት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው ማስቀረት የምንችለው ብሎ በይፋ ተናገረ። ከተማው ሁሉ ለሁለት ተከፈለ። ታክሲ ውስጥም ሬስቶራንት ውስጥም ወሬው ይኸው ነበር።

ናሽናልስ ስትራስበርግን መረጠ። ለ7 ዓመት፣ በ245 ሚሊዮን ዶላር። ሬንዶን በዚያው ሰሞን ወደ ኤንጅልስ ሄደ። የሱም ለ7 ዓመት፣ በ245 ሚሊዮን ዶላር ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር።

ስትራስበርግ ከዚያ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። በ2020 ሁለት፣ በ2021 አምስት፣ በ2022 አንድ። በጉዳት ጡረታ ወጣ። ሬንዶንስ? በኤንጅልስ ማሊያ ከ58 ጨዋታ በላይ የተጫወተበት ዓመት የለም። በ2025 አንድም ጊዜ አልተሰለፈም።

«ፒቸር ይጎዳል፣ መቺ ይሻላል» የሚለው የተለመደ ምክር በጥቅሉ ትክክል ነው። እኔም እቀበለዋለሁ። የፒቸር የክርን ጅማት ሲበጠስ የሚሠራው የቶሚ ጆን ቀዶ ጥገና ከ12 እስከ 18 ወር ያስቀምጣል። ግን እዚህ መቺውን የመረጠውም ተቃጠለ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር ዕድሜና የውል ርዝመት ነው። ስትራስበርግ 31 ዓመቱ ነበር፤ ሬንዶን 30 ሊሞላው ነበር። ለሁለቱም ሰባት ዓመት ተሰጣቸው። ከ30 በላይ ለሆነ ሰው ከአራት ዓመት በላይ መፈረም በእኔ ሚዛን ከባድ አደጋ ነው። የዓመቱ ደሞዝ ከፍ ቢል ይሻላል፤ ዓመቱ ይጠር። ከፍተኛ ደሞዝ አንድ ዓመት ያማል፣ ረጅም ውል ግን ሦስት ስብስብ ያበላሻል።

የናሽናልስ ሦስተኛ አማራጭ ሶቶ ነበር፤ ያኔ 21 ዓመቱ ነው። በ2022 ቡድኑ የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ውል አቀረበለት፣ እሱ አልተቀበለም። በኦገስት ወደ ሳንዲያጎ ተሸኘ። በምትኩ ከመጡት ወጣቶች መካከል ጄምስ ዉድ፣ ሲጄ ኤብራምስ እና ማኬንዚ ጎር ይገኙበታል። ውል በጊዜ ማሰር ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት አትላንታ ብሬቭስን ተመልከቱ። ሮናልድ አኩኛን በ21 ዓመቱ፣ በ2019፣ ለ8 ዓመት በ100 ሚሊዮን አስፈረሙት። በ2023 የሊጉ ኮከብ ሆነ። ለተጨዋቹ ፍትሐዊ ነው ወይ ብትሉኝ አይመስለኝም። ቡድን ለሚያዋቅር ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ግዢ የለም።

ፒቸር፦ ኢኒንግ መቁጠር

አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ ነው፤ ኢኒንግ ማለት ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር ነው፣ ውጤቱ እኩል ከሆነ ይጨመራል። 162 ሲባዛ በ9፣ 1,458 ኢኒንግ ይመጣል። ይህን ሁሉ የሚወረውር ሰው መገኘት አለበት።

ስታርተር የሚባለው ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር ነው። አምስት ስታርተር ይያዛል። አንዱ ዓመቱን ሙሉ ሳይጎዳ ቢሄድ 30 ጨዋታ ገደማ ይጀምራል። በየጨዋታው ስድስት ኢኒንግ ቢወረውር 180 ይሆናል። አምስቱም እንዲህ ቢሆኑ 900 ነው። ከኋላ የሚገቡት ስምንቱ ሪሊቨሮች እያንዳንዳቸው 65 ኢኒንግ ቢወረውሩ 520 ነው። ድምሩ 1,420። እንግዲህ አንድም ሰው ሳይጎዳ፣ ሁሉም ጥሩ ሆኖ እንኳ 38 ኢኒንግ ይጎድላል።

አንድም ሰው የማይጎዳበት ዓመት ደግሞ የለም። ስለዚህ ስድስተኛው፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ስታርተር እነማን እንደሆኑ በፌብሩዋሪ መታወቅ አለበት። ልምምዱ አሪዞናና ፍሎሪዳ ላይ ሲጀመር ዝርዝሩ እጅ ላይ ይሁን።

ገንዘብ ለስታርተር ይውጣ ወይስ ለቡልፔን፣ ማለትም ለሪሊቨሮቹ? እኔ ለስታርተር ባይ ነኝ። የሪሊቨር ብቃት ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል። ኤድዊን ዲያዝ በ2022 መጨረሻ ለ5 ዓመት በ102 ሚሊዮን ዶላር ለሜትስ ፈረመ። ለሪሊቨር ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ገንዘብ ተሰጥቶ አያውቅም። ማርች 2023 ላይ በዓለም ዋንጫው ለፖርቶ ሪኮ ተጫውቶ ካሸነፉ በኋላ ሜዳ ላይ ሲጨፍሩ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ዓመቱን ሙሉ አልወረወረም። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ግን በዓመት 65 ኢኒንግ ለሚወረውር ሰው ያን ያህል ሲታሰር መተኪያው ከየት ይመጣል?

ናሽናልስ በ2019 ያሸነፈው በተቃራኒው መንገድ ነው። ቡልፔኑ በሊጉ ከመጨረሻዎቹ የሚመደብ ነበር። ነገር ግን ሸርዘር፣ ስትራስበርግ እና ፓትሪክ ኮርቢን ነበሩ። ጥሎ ማለፉ ሲመጣ ስታርተሮቹን ከኋላ ማስገባት ተጀመረ። በወርልድ ሲሪሱ ሰባተኛና ወሳኝ ጨዋታ፣ ሂውስተን ላይ፣ ሸርዘር አምስት ኢኒንግ ወረወረ፤ ኮርቢን ሦስት ጨመረ። 6 ለ 2 አለቀ። ኮርቢን በ6 ዓመት 140 ሚሊዮን ነበር የተገዛው። ከዚያ በኋላ ወደቀ። በ2021 16 ጊዜ፣ በ2022 19 ጊዜ ተሸነፈ፤ ሁለቱም በሜጀር ሊጉ የዓመቱ ትልቁ ቁጥር ነው። ውሉ ኪሳራ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ያለ እሱ ሦስት ኢኒንግ ዋንጫው ዋሽንግተን አይመጣም ነበር።

አማራጭ የሌለው ቡድን ሌላ ዘዴ አለው። ታምፓ ቤይ ሬይስ በ2018 ሪሊቨሩን ሰርጂዮ ሮሞን ጨዋታ አስጀመረው፤ አንድ ኢኒንግ ወርውሮ ለሌላው አስረከበ። ያን ዓመት 90 አሸነፉ። ሀብታሙ ዶጀርስም ሲቸግረው ይህንኑ አድርጓል። በ2024 ጤነኛ ስታርተር አጥሮት ነበር። ከሳንዲያጎ ጋር በነበረው የጥሎ ማለፍ ዙር በጨዋታ ብዛት 2 ለ 1 እየተመራ፣ ቢሸነፍ በሚሰናበትበት ጨዋታ ስምንት ፒቸር አፈራርቆ 8 ለ 0 አሸነፈ። ስምንቱም የሚወረውሩ መሆናቸው ነው ቁም ነገሩ።

አራቱ ወንበሮች

13 ፒቸር ከተያዘ 13 ቦታ ይቀራል። ዘጠኙ ቋሚ መቺዎች ናቸው። አራት ተቀያሪ ብቻ ይተርፋል ማለት ነው። አንዱ ግድ ሁለተኛ ካቸር ነው፤ ካቸር በየቀኑ መንበርከክ አይችልም። ከ2026 ጀምሮ ዳኛው ውርወራውን ኳስ (የሳተ) ወይም ስትራይክ (ያልሳተ) ብሎ ሲወስን በቴክኖሎጂ ይግባኝ ማለት ተፈቅዷል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ዕድል ይዞ ይጀምራል፤ ይግባኙን ካሸነፈ አይቆጠርበትም። ስለዚህ ዳኛን በጓንት አያያዝ የሚያሳምነው ካቸር ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል። ይግባኝ መቼ እንደሚባል የሚያውቀው ዋጋው ይጨምራል።

የቀሩት ሦስቱ ላይ ምርጫው በአንድ ነገር ጎበዝ የሆነውን ወይስ ሁሉም ቦታ የሚሰለፈውን የሚል ነው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምወስደው። ዶጀርስ በ2024 አጋማሽ ላይ ቶሚ ኤድመንን ከሴንት ሉዊስ ሲያመጣው ገና ከጉዳት አላገገመም ነበር። ሾርትስቶፕም (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል) ሴንተር ፊልድም (ከኋላ መሃል ላይ) መጫወት ስለሚችል ነው የፈለጉት። በጥሎ ማለፉ በሁለቱም ቦታ ተሰለፈ፤ ከሜትስ ጋር በነበረው የሊግ ፍጻሜም ኮከብ ተባለ።

ከኤድመን ይልቅ ግን ለእኔ ሃዊ ኬንድሪክ ይበልጣል። ናሽናልስ በ2018 መጀመሪያ ለሁለት ዓመት በ7 ሚሊዮን ዶላር ነው ያስፈረመው። በዚያው ዓመት የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ሽማግሌ ነው፣ አለቀለት ተባለ። በ2019 36 ዓመት ሞላው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቤዝ ላይ እየተቀያየረ 121 ጨዋታ ተሰለፈ። የመምታት አማካዩ .344 ነበር፤ ከ1,000 ሙከራ 344ቱ ተሳካ እንደ ማለት ነው። ዶጀርስ ላይ በአሥረኛው ኢኒንግ ቤዞቹ ሁሉ ሞልተው ሆም ራን፣ ማለትም ከሜዳው አጥር የምታልፍ ምት መታ። በወርልድ ሲሪሱ ሰባተኛ ጨዋታ፣ በሰባተኛው ኢኒንግ፣ ናሽናልስ 2 ለ 1 እየተመራ ወደ ቀኝ የላካት ኳስ የመስመሩን ምሰሶ መታች። ይህም ሆም ራን ነው፤ ሁለት ነጥብ። 3 ለ 2። የሰባት ሚሊዮን ዶላር ተቀያሪ ነው ይህን ያደረገው።

ወጣቱ አሁን ይግባ ወይስ ይቆይ?

ክሪስ ብራያንት በ2015 ልምምድ ላይ ዘጠኝ ሆም ራን መታ። ሺካጎ ከብስ ግን መከላከል ላይ ይሥራ ብሎ ወደ ማይነር ሊግ ሰደደው። ኤፕሪል 17 ጠራው። አንድ ሙሉ የአገልግሎት ዓመት የሚቆጠረው 172 ቀን ሲሞላ ነው። ብራያንት 171 ላይ ቆመ። በአንድ ቀን ምክንያት ነጻ የሚወጣበት ጊዜ በአንድ ዓመት ተገፋ። ከሰሰ፤ በ2020 ተፈረደበት።

ቡድኑ አተረፈ ወይ? አዎ። ብራያንት በ2015 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጨዋች፣ በ2016 የሊጉ ኮከብ ሆነ። በ2016 ከብስ ከ1908 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ። ነገር ግን ይህ አሠራር ለእኔ ትክክል አይደለም። ከ2022 ወዲህ ሕጉም ተሻሽሏል። በተስፈኞች ዝርዝር ላይ ከፍ ያለ ወጣት በምርጥ አዲስ ተጨዋች ምርጫ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ከወጣ የዓመቱ አገልግሎት ሙሉ ይቆጠርለታል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሰለፈው ቡድን ደግሞ ልጁ ካሸነፈ ተጨማሪ የምልመላ ዕድል ያገኛል። እንግዲህ ዝግጁ የሆነን ወጣት ማስቀመጥ እንደ ድሮው አያዋጣም። ይግባ።

ዝግጁ ያልሆነው ግን ወንበር ላይ ባይቀመጥ ይሻለዋል። የ22 ዓመት ልጅ በሳምንት ሁለቴ እየተሰለፈ አያድግም። ታች በየቀኑ ይምታ።

የመጨረሻው ቦታ

ማርች መጨረሻ ላይ 25 ሰው ተይዞ አንድ ወንበር ይቀራል። ብዙውን ጊዜ የቡልፔኑ ስምንተኛ ቦታ ናት። ሦስት ዓይነት ሰው ይወዳደርባታል።

የመጀመሪያው ኦፕሽን ያለው ወጣት ነው። ኦፕሽን ማለት ያለ ማንም ፈቃድ ወደ ማይነር ሊግ የመላክ መብት ነው። በአንድ ተጨዋች ላይ በሦስት የተለያዩ ዓመታት ይሠራል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከአምስት ጊዜ በላይ መላክ አይቻልም። ሁለተኛው ኦፕሽኑ ያለቀበት ነው። እሱን ለማውረድ ለሌሎቹ 29 ቡድኖች መቅረብ አለበት፤ የፈለገ ይወስደዋል። ሦስተኛው በሩል 5 ምልመላ የመጣ ነው። ይህ በየዲሴምበሩ የሚካሄድ ሲሆን በ40ው መዝገብ ያልተያዙ የሌላ ቡድን ልጆች በ100,000 ዶላር ይወሰዳሉ። ሁኔታው ግን ከባድ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በ26ቱ ውስጥ መቆየት አለበት። ካልሆነ በ50,000 ዶላር ለቀድሞ ቡድኑ ይመለሳል።

ለዋንጫ የማይጫወት ቡድን ሦስተኛውን ይውሰድ። ችቦ ሆነው ከወጡት መካከል ሮቤርቶ ክሌመንቴ እና ዮሃን ሳንታና በዚህ መንገድ ነው የሄዱት። ሩቅ ሳንሄድ፣ ሺካጎ ዋይት ሶክስ በ2024 121 ጨዋታ ተሸንፎ በዲሴምበር ፒቸሩን ሼን ስሚዝን ከሚልዋኪ ወሰደ። ልጁ በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። የሚሸነፍ ቡድን አንድ ወንበር ለትምህርት ማዋል ይችላል።

ለዋንጫ የሚጫወት ቡድን ግን ኦፕሽን ያለውን ወጣት ይያዝ። ኦፕሽኑ ያለቀበት ሰው ትንሽ ቢሻል እንኳ ወንበሩን ያስራል። ኤፕሪል 10 ላይ ጨዋታው 13 ኢኒንግ ሄዶ ቡልፔኑ ሁሉ ሲደክም፣ በማግስቱ ትኩስ ክንድ መጥራት የሚቻለው አንድ ሰው ማውረድ ሲቻል ነው። አንድ ፒቸር ከወረደ፣ የተጎዳ ሰው ካልተካ በቀር፣ 15 ቀን ታች መቆየት አለበት። ስለዚህ አንድ ሳይሆን ሦስት አራት እንዲህ ያሉ ፒቸሮች በ40ው ውስጥ ይኑሩ። ኦፕሽኑ ያለቀበት ሰው በጣም የተሻለ ከሆነ ደግሞ ከልምምዱ ማብቂያ በፊት ስታርተር ላጠረው ቡድን በቅያሬ ይሰጥ። በኤፕሪል ለ29 ቡድን በነጻ ከማቅረብ፣ በማርች አንድ የ19 ዓመት ተስፈኛ ማምጣት ይሻላል።